ፍሪኩዌንሲ ብቻውን ግማሽ አድራሻ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የቴሌቪዥን ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ ሲቀይር ማስታወቂያውን ታትማላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 12015 እንበል። አንባቢው ቁጥሩን ሪሲቨሩ ላይ ሞልቶ ይፈልጋል፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጣራ ላይ ይወጣል፣ ሳህኑን ያነቃንቃል፣ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆንና ሲታዩ የነበሩት ቻናሎችም ይጠፋሉ። ስክሪኑ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ደግሞ ከሁሉም የባሰ አሳሳች ነው። ቴሌቪዥን በአንድ ሞገድ ብቻ አይሠራምና፤ ከጣቢያው እስከ ዓይንና ጆሯችን ድረስ የራዲዮ ሞገድ፣ ዓይን የማያየው ብርሃን፣ የሚታይ ብርሃንና ድምፅ እየተቀባበሉ ይሠራሉ። የተበላሸው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መጠገን ደህናውን ዕቃ አውጥቶ መጣል ነው። ስለዚህ ያንን 12015 ከሳተላይቱ እስከ ስክሪኑ እንከተለው። ስለ ማስታወቂያው አጻጻፍ የምንጠይቃችሁ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

12015 ማለት 12,015 ሜጋኸርዝ ነው፤ ሞገዱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ12 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይወዛወዛል። የራዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሞገዱን ርዝመት ለማወቅ 300ን በሜጋኸርዙ ቁጥር ማካፈል ይበቃል፤ መልሱ በሜትር ይወጣል። 300 ለ12,015 ሲካፈል 0.025 ሜትር፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህችን 2.5 ሴንቲ ሜትር አንባቢ ይያዝልን፤ ሳህን ላይ የሚደርሰው ችግር አብዛኛው ከእሷ ይመነጫል።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ ስለሚሄድ ከታች ሲታይ የቆመ ይመስላል። ከምድር ጣቢያው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይቀበልና በሌላ ይመልሳል፤ በዚያው ቢመልስ የራሱ ጩኸት የራሱን ጆሮ ይደፍነው ነበር። ደርሶ መልሱ ከ71,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በቀጥታ ሥርጭት ጋዜጠኛው ጠይቆ ተጠያቂው ዝም ብሎ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሞገዱ እኛ ጋ ሲደርስ በጣም ተዳክሟል። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ከአንድ ትራንስፖንደር (ሳተላይቱ ላይ ካለ አንድ ተቀብሎ አስተላላፊ) የሚሰበስበው ኃይል የአንድ ዋት ትሪሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ቢሆን ነው። ጣራ ላይ ያለ ሳህን ጤና ይጎዳ እንደሆነ ደጋግሞ ስለሚጠየቅ ነው ይህን የጠቀስነው፤ ሳህን ይቀበላል እንጂ አይረጭም፣ የሚቀበለውም ይህችኑ ነው።

ሳህን መስተዋት ነው። ሥራው ከሰማይ የመጣውን ሞገድ ከየቦታው አንጥሮ ኤልኤንቢው (ከሳህኑ ፊት በክንድ የተያዘው ተቀባይ ጭንቅላት) አፍ ላይ እኩል ማድረስ ነው፤ ከላይኛው ጠርዝ የነጠረውና ከታችኛው የነጠረው እኩል ካልደረሱ እርስ በርስ ይጣላሉ። ቆርቆሮው አንድ ቦታ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቢጎደጉድ፣ እዚያ የሚያርፈው ሞገድ ሲሄድ 6፣ ሲመለስ 6፣ በድምሩ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘገያል። 12 ሚሊ ሜትር የ25 ሚሊ ሜትር ግማሽ ነው። ስለዚህ አንዱ ሽቅብ ሲል ሌላው ቁልቁል ይላል፤ የጎደጎደው ክፍል የማይረዳ ብቻ ሳይሆን ደህናው የሰበሰበውንም የሚያጠፋ ይሆናል። እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ያለ ጉድለት አያስጨንቅም። ሳህኑ መጣመሙን ለማወቅ ሁለት ክር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በመስቀል ቅርጽ መወጠር ነው፤ ክሮቹ መሐል ላይ ለስላሳ ከተነካኩ ሳህኑ ደህና ነው፣ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ግን ምንም ኤልኤንቢ ቢቀየር አይጠገንም። ትልቁ የሲ ባንድ ሳህን ወንፊት ሆኖም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ በ4 ጊጋኸርዝ (4,000 ሜጋኸርዝ) ሞገዱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከ7 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቀዳዳ ለሞገዱ እንዳለ አይቆጠርም። ያንኑ ወንፊት ለ12 ጊጋኸርዝ ሲጠቀሙበት ግን ቀዳዳው ለ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ሞገድ ሰፊ ይሆንበታል። ሳህን መቀባት የፈለገ ሰው ደብዛዛ ቀለም ይጠቀም። አንጸባራቂ ቀለም የፀሐይንም ብርሃን እንደ መስተዋት ሰብስቦ ኤልኤንቢው ላይ ያሳርፋል፤ ፕላስቲኩ ሊቀልጥ ይችላል።

አሁን ወደ ማዞሩ እንምጣ፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። ሳህን የሚያየው የሰማይ ስፋት በግምት የሚሰላው 70ን በሞገዱ ርዝመት አባዝቶ ለሳህኑ ስፋት በማካፈል ነው። 70 ሲባዛ በ2.5፣ ሲካፈል ለ90፣ ወደ 1.9 ዲግሪ ይሆናል። ከመሐሉ 1 ዲግሪ ብቻ ፈቀቅ ማለት የሚሰበሰበውን ኃይል ግማሹን ማጣት ነው። 1 ዲግሪ በእጅ ሲታይ ምን ያህል ነው? ሳህኑ የተሰካበት ቱቦ 60 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ዙሪያው 188 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ360 ሲካፈል ግማሽ ሚሊ ሜትር ይመጣል። የእስክሪብቶ መስመር ውፍረት ማለት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ሳህን ከመንካቱ በፊት ቱቦውና ማቀፊያው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ከሁለቱም የሚያልፍ አንድ መስመር በቀጭን ማርከር ያስምር፤ ቢሳሳት መመለሻ ይኖረዋል። ቦልት ሲጠብቅ ራሱ ሳህኑን ያንሸራትታል፤ ግራና ቀኙን ተራ በተራ፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያሉ ማጥበቅ ነው። ሪሲቨሩ ሞገዱን ለይቶ ለመያዝ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ትንሽ አንቀሳቅሶ 3 ወይም 4 ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው። ሳህኑን እንደ መሪ ያለማቋረጥ የሚያዞር ሰው ሳተላይቱን ደጋግሞ አልፎት ይሄዳል። ቱቦው ራሱ ቀጥ ብሎ መቆሙን በውሃ ልክ ከሁለት አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል፤ ካዘመመ ወደ ጎን በተዞረ ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይለወጣል። ኤልኤንቢው ከታች በክንድ የተያዘበት የተለመደው ሳህን ደግሞ ፊቱ ከሚያሳየው አቅጣጫ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ነው የሚያየው። ቀጥ ብሎ የቆመ መስሎ የሚታይ ሳህን ሰማይ እያየ ሊሆን ይችላል፤ «አዘቅዝቋል» ብሎ ማንጋጠጥ ስህተት ነው።

ኤልኤንቢው አፍ ላይ ሲደርስ 12,015 ሜጋኸርዝ በኬብል መሄድ አይችልም፤ ጥቂት ሜትር ሳይጓዝ ይሞታል። ስለዚህ ኤልኤንቢው ይቀንስለታል። ውስጡ የራሱ የሆነ ቋሚ ሞገድ ያመነጫል፤ በተለመደው ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ ሁለት ናቸው፣ 9,750 እና 10,600 ሜጋኸርዝ። ከ11,700 በላይ ለሆነ ፍሪኩዌንሲ 10,600ው ይሠራል፤ 12,015 ሲቀነስ 10,600፣ 1,415 ሜጋኸርዝ። ኬብሉ ውስጥ የሚሄደው ይህ ቁጥር ነው። ሪሲቨሩም የሚፈልገው 12,015ን ሳይሆን 1,415ን ነው፣ የሚያሰላውም እናንተ በሜኑ ላይ በነገራችሁት የኤልኤንቢ ዓይነት ነው። ሜኑው ላይ 10,750 ተመርጦ ከሆነ ሪሲቨሩ 1,265 ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሞገዱ ግን 1,415 ላይ ያልፋል። ሳህኑ፣ ኤልኤንቢውና ኬብሉ ምንም ሳይጎድላቸው ቻናሉ አይመጣም። ከጣራ በፊት ሜኑ የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለቱ መቀነሻዎች የሚመረጡት ሪሲቨሩ በዚያው ኬብል በሚልከው የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ነው። ምልክቱ ካለ 10,600፣ ከሌለ 9,750። ምልክቱ ቢጠፋ 12,015 ከ9,750 ጋር ተቀንሶ 2,265 ይሆናል፤ የሪሲቨሩ መስኮት ደግሞ ከ950 እስከ 2,150 ሜጋኸርዝ ነውና ከመስኮቱ ውጭ ቀረ። ሌላው ምርጫ በቮልቴጅ ነው። ሞገዱ ቆሞ ወይም ተኝቶ ይወዛወዛል፤ ቆሞ የሚወዛወዘውን ቨርቲካል፣ ተኝቶ የሚወዛወዘውን ሆሪዞንታል እንለዋለን። በዚህ ዘዴ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥርጭቶች ሳይጋጩ ያልፋሉ። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክ ኤልኤንቢው ቨርቲካሉን፣ 18 ቮልት ሲልክ ሆሪዞንታሉን ይቀበላል። እንግዲህ ማስታወቂያችሁ ላይ መውጣት ያለባት አንዲት ፊደል (ለቨርቲካል V፣ ለሆሪዞንታል H) ሳትታተም ስትቀር ለአንባቢው ግማሹ ሰማይ ተዘጋበት ማለት ነው። ኤልኤንቢው ማቀፊያው ውስጥ ጥቂት ዲግሪ ዘወር ብሎ የሚገጠመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሳተላይቱ ከቦታችን በስተ ምሥራቅ ወይም በስተ ምዕራብ በራቀ ቁጥር የእርሱ «ቆሞ» ለእኛ ዘመም ብሎ ይታያል፣ ኤልኤንቢውም አብሮ መዝመም አለበት።

ይህን ያወቀ ሰው የጠፉትን ቻናሎች በማየት ብቻ ብልሽቱን ከሶፋው ሳይነሳ ይለያል። አንድ ቻናል ብቻ ጠፍቶ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ያሉት ጎረቤቶቹ ከታዩ ሞገዱ አልጠፋም፤ ጣቢያው ራሱ ቆሟል ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ጣራ የሚያስወጣ ነገር የለም። ሆሪዞንታሎቹ በሙሉ ጠፍተው ቨርቲካሎቹ ካሉ 18 ቮልቱን መጠርጠር ነው። የሪሲቨሩ ፓወር ሰፕላይ ሲያረጅ፣ በተለይ ካፓሲተሮቹ ሲነፉ፣ 13ቱን እየሰጠ 18ቱን ያቅተዋል። መልቲሜትር በዲሲ ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ከኮኔክተሩ መሐል፣ ሌላውን ከዙሪያው ብረት ጋር፣ ሁለቱ እንዳይነካኩ ተጠንቅቆ መለካት ነው፤ ኤልኤንቢው ሳይነቀል፣ ቻናሉ ሆሪዞንታል ላይ ሆኖ ቢለካ ይበልጥ እውነቱን ይናገራል። ከ11,700 በላይ ያሉት ሁሉ ከጠፉ 22 ኪሎኸርዙን ወይም በኬብሉ መሐል ላይ ያለውን የኤልኤንቢ መምረጫ ስዊች ማየት ነው። በአንድ ወይም በሁለት ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉት ብቻ ተሰባስበው ከጠፉ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ሞገድ ይኖራል። ለምሳሌ የሞባይል ማማዎች ከ1,805 እስከ 1,880 ሜጋኸርዝ ይረጫሉ፤ ያ ክልል ኬብላችን ውስጥ ከ12,405 እስከ 12,480 ያሉት ቻናሎች የሚያልፉበት ነው። መከለያ ጥልፉ የሳሳ ኬብል ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ሁሉም አንድ ላይ ከጠፉ ኬብሉ፣ ኤልኤንቢው ወይም የሳህኑ አቅጣጫ ነው።

ኬብሉ 75 ኦም ያለው፣ አርጂ 6 የሚባለው ይሁን። 100 ሜትር አርጂ 6 በ1,000 ሜጋኸርዝ 20 ዴሲቤል (የኃይል መዳከም መለኪያ ነው) ያህል ይበላል፤ በ2,000 ደግሞ ወደ 30 ይጠጋል። ከፍተኛዎቹ ፍሪኩዌንሲዎች ቀድመው የሚጠፉት ለዚህ ነው። ከ30 ሜትር ባላለፈ ርቀት ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከኬብሉ ይልቅ ጫፉ ነው። ኬብሉ ጫፍ ላይ የሚሰካው ኤፍ ኮኔክተር ሲገጠም ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል፤ 18 ቮልቱ እያለ ሽቦ ማነካካት ሪሲቨሩን ያቃጥላል። የውጭ ልባሱ ይገፈፍ፣ ጥልፉ ወደ ኋላ በልባሱ ላይ ይታጠፍ፣ ነጩ ማገጃ በኮኔክተሩ ውስጠኛ ወለል ልክ ይቆረጥ፣ የመሐሉ ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይውጣ። ከዚያ በኋላ ጥሩ ብርሃን ላይ ሆኖ ነጩን ዙሪያ ማየት ነው፤ ከጥልፉ አንዲት ፀጉር የምታክል ክር መሐሉን ከነካች ሪሲቨሩ ወይ የሾርት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል ወይ ዝም ብሎ ቮልቱን ያቋርጣል። የውጪው ኮኔክተር በውሃ ይጠፋል። እንደ ላስቲክ ተለጥጦ እርስ በርሱ የሚጣበቀው ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠቅለልበት። ኬብሉም ቤት ከመግባቱ በፊት ቁልቁል ረግቦ እንደገና ይነሣ፤ ጠብታው ከረገበበት ይወድቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይከተለውም። ጥልፉ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ ውሃው ገብቷል፤ ያ ክፍል ተቆርጦ ይጣል።

ሪሲቨሩ ስክሪኑ ላይ የሚያሳያቸውን ስትሬንግዝ እና ኳሊቲ የሚባሉትን ሁለት መስመሮች ማምታታት ብዙ ደህና ዕቃ አስጥሏል። ስትሬንግዝ በኬብሉ የሚመጣውን ኃይል ሁሉ ይለካል፤ ኤልኤንቢው ራሱ የሚፈጥረው ጫጫታም ይቆጠርበታል። ስለዚህ ሳህኑ ግድግዳ እያየ እንኳ 60 ወይም 80 ሊያሳይ ይችላል። ኳሊቲ ግን ከጫጫታው መሐል የሚፈለገው መልእክት ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደተነበበ ነው የሚናገረው። ስትሬንግዝ ከፍ ብሎ ኳሊቲ ዜሮ ከሆነ ኬብሉና ኤልኤንቢው በሕይወት አሉ፤ ስህተቱ አቅጣጫው ወይም የተሞላው ቁጥር ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ወይም ሞቷል። ኳሊቲ እየወጣ እየወረደ ከሆነ ሳህኑ ላልቷል፣ ኤልኤንቢው መዝመሙ ልክ አይደለም፣ ወይም ዝናብ ነው። ሳህን ስናስተካክል ዓይናችን ከኳሊቲ ላይ አይነሳ፤ ስትሬንግዝን ተከትሎ የሚያስተካክል የትም አይደርስም።

ከፍሪኩዌንሲው ጋር ሪሲቨሩ ላይ የሚሞላው 27,500 የሚለው ቁጥር፣ ሲምቦል ሬት፣ ሞገዱ በሰከንድ 27.5 ሚሊዮን ጊዜ አዲስ ምልክት ይዞ ይመጣል ማለት ነው። በቀላሉ የአሠራር ዘዴ እያንዳንዱ ምልክት 2 ቢት (0 ወይም 1) ይሸከማል። አብሮት የሚጻፈው 3/4 ደግሞ ከአራት ቢት አንዱ ስህተት ማረሚያ መሆኑን ይናገራል። ሌላም ማረሚያ ስላለ ሲጣራ ወደ 38 ሚሊዮን ቢት በሰከንድ ይቀራል። ያልታመቀ የኤችዲ ሥዕል 1.5 ቢሊዮን ቢት ያህል በሰከንድ ስለሚፈልግ፣ ሥዕሉ ተጨምቆ እንደ ጥራቱ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ቢት ውስጥ ይገባል፤ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ በርካታ ቻናል የሚሳፈረው በዚህ ነው። ዲቪቢ ኤስ2 የሚባለው አዲሱ አሠራር የአንዱን ምልክት ሸክም ያበዛል፣ ማረሚያውንም ያሻሽላል፤ የድሮ ሪሲቨር ግን አያነበውም። ሞገዱ ደርሶለት ስትሬንግዝ ያሳያል፣ ኳሊቲው ዜሮ እንደሆነ ይቀራል። ሳህን በማዞር የሚፈታ አይደለም።

ዝናብ ሲመጣ ሥዕሉ የሚሰባበረው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ጠብታዎች ለ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ሞገድ በመጠን ስለሚቀርቡት ነው፤ ይውጡታል፣ ይበትኑታል፣ ራሳቸውም ጫጫታ ይጨምራሉ። የሲ ባንዱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ይህን ያህል አይነካውም። ሳህኑ ሰፋ ያለ ከሆነና አቅጣጫው በጥንቃቄ ከተያዘ ዝናቡ የሚወስደው መጠባበቂያ ይኖረዋል። መጋቢትና መስከረም አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ በምታልፍባቸው ጥቂት ቀናት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለደቂቃዎች ሥርጭት ይቋረጣል። ፀሐይ ራሷ ብርቱ የራዲዮ ሞገድ ትረጫለችና ሳተላይቱን ትሸፍነዋለች። ራሱ ይመለሳል፤ እባካችሁ ምንም አትንኩ።

ሳህን የሌለው ቤት በተራ አንቴና ሲቀበልም ሕጉ ያው ነው፤ ሞገዱ ብቻ ይረዝማል። የምድር ዲጂታል ሥርጭት በአፍሪካና በአውሮፓ በዋናነት ከ470 እስከ 694 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ ሞገዱ ከ64 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቻናል 30 ማለት መሐሉ 546 ሜጋኸርዝ ነው፤ ሞገዱ 55 ሴንቲ ሜትር፣ ግማሹ 27.5። ዋናው ዘንግ ከዚህ 5 በመቶ ያህል አጥሮ 26 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከሞገዱ ጋር ይስማማል። ከፊቱ የሚደረደሩት አጫጭር ዘንጎች ይመሩታል፣ ከኋላው ያለው ረጅሙ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ አጫጭሮቹ ወደ ማማው ያያሉ። ማማው ተኝቶ የሚወዛወዝ ሞገድ እየረጨ አንቴናውን ቆሞ መግጠም 20 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም ከመቶው ኃይል ዘጠና ዘጠኙን ሊያሳጣ ይችላል።

በአናሎግ ዘመን ከሕንፃ ነጥሮ ዘግይቶ የሚመጣ ሞገድ በሥዕሉ ጎን ጥላ ይፈጥር ነበር። 625 መስመር ባለው አሠራር የአንዱ መስመር የሚታየው ክፍል 52 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ 300 ሜትር የረዘመ መንገድ 1 ማይክሮ ሰከንድ ያዘገያል። ስለዚህ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ጥላው ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ይታያል፤ በማስመሪያ ለክቶ ሕንፃውን መገመት ይቻል ነበር። ዲጂታሉ መረጃውን በብዙ ሺህ ጠባብ ሞገዶች ላይ በትኖ በየምልክቱ መሐል የመጠበቂያ ክፍተት ስለሚተው ነጥሮ የመጣውን ይችለዋል። በምትኩ ቀስ ብሎ አይደበዝዝም፤ ጥርት ብሎ ይቆይና ከገደቡ በታች ሲወርድ በድንገት ይጠፋል። «ትናንት ደህና ነበር» የሚለው አቤቱታ እውነት ነው፤ ግን ትናንትም ገደቡ ጫፍ ላይ ነበር። ቡስተር (ሞገድ ማጉያ) መግዛት እዚህ ላይ የተለመደ መፍትሔ ሆኗል። ቡስተር የሚጠቅመው አንቴናው አጠገብ ሲገጠም፣ ኬብሉ ከመብላቱ በፊት ነው። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ከተሰካ ሞገዱንም ጫጫታውንም እኩል ያሳድጋል፤ ማማው ቅርብ ከሆነም ሪሲቨሩን አጨናንቆ የነበረውን ያጠፋል። ከ694 በላይ ያለው ክልል ወደ ሞባይል ስለተዛወረ ከቡስተሩ በፊት የሞባይሉን ሞገድ የሚያግድ ፊልተር ማስገባት ብዙ ጊዜ ከቡስተሩ ይልቅ ይረዳል። የሲ ባንድ ተጠቃሚዎችም ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል፤ 5ጂ ከ3.4 እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል ሲሠራ የሲ ባንድ ኤልኤንቢን ያደነቁራል። ፊልተሩ ከኤልኤንቢው በፊት፣ ከአፉ ጋር ይገጠማል፤ ከኋላ ማስገባት ዋጋ የለውም።

ቤት ውስጥ ያሉት ሞገዶች ፈተናቸው ቀላል ነው። ሪሞት ጫፉ ላይ ያለው አምፖል 940 ናኖሜትር አካባቢ ያለ፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫል። በብዙ ሪሞቶች ብርሃኑ በሰከንድ 38,000 ጊዜ እየበራ እየጠፋ ነው የሚላከው። የቴሌቪዥኑ ዓይን ይህን ፍጥነት ብቻ ስለሚሰማ የክፍሉን መብራት ችላ ይላል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ካረፈበት ግን ይደነዝዛል። ሪሞቱን ወደ ሞባይል ካሜራ አዙሮ ቁልፍ መጫን ነው፤ በካሜራው ውስጥ አምፖሉ ብልጭ ካለ ሪሞቱ ይሠራል፣ ችግሩ ቴሌቪዥኑ ጋ ነው። የኋላው ካሜራ ካላሳየ በፊተኛው ይሞከር፤ አንዳንዱ ካሜራ ኢንፍራሬድ የሚያግድ መስታወት አለው። በድምፅ የሚታዘዙት አዳዲስ ሪሞቶች አብዛኛውን ጊዜ በብሉቱዝ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የራዲዮ ሞገድ ስለሚሠሩ ካሜራ ላይ ባይታዩ ሞተዋል አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የመሐንዲሱ የሮበርት አድለር ሪሞት ደግሞ ባትሪ እንኳ አልነበረውም፤ ቁልፉ የአሉሚኒየም ዘንግ ይመታል፣ ዘንጉ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ያወጣል፣ ቴሌቪዥኑ ያንን ሰምቶ ቻናል ይቀይራል።

በኢንተርኔት የሚታይ ከሆነ ዋይፋዩ በ5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል፤ በ2.4 ይሻገራል፣ ከጎረቤት ጋር ይጋጫል። ራውተሩን ቴሌቪዥኑ ጀርባ መደበቅ የብረት ጋሻ ማልበስ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚደርሰው የመጨረሻው ሞገድ ብርሃን ነው። ኤልሲዲ ስክሪን ከኋላው ባክላይት የሚባል መብራት አለው። ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ልባስ ያልፋል፣ ፈሳሽ ክሪስታሉ በሚደርሰው ቮልቴጅ መጠን ይጠመዝዘዋል፣ ሁለተኛው ልባስ የተስማማውን አሳልፎ ሌላውን ያግዳል። ሳህኑ ላይ ያየነው ቆሞ ተኝቶ መወዛወዝ እዚህም ተመልሶ መጣ። ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ከጨለመ ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ በሰያፍ ማብራት ነው። ሥዕሉ ፈዞ ከታየ የራዲዮ ሞገዱም፣ ሪሲቨሩም፣ ክሪስታሉም ደህና ናቸው፤ የሞተው ባክላይቱ ብቻ ነው፣ ይጠገናል። ድምፁ በኦፕቲካል ኬብል ወደ ሌላ ስፒከር የሚሄድ ከሆነና ካልተሰማ፣ ኬብሉን ከስፒከሩ በኩል ነቅሎ ጫፉን ማየት ነው፤ ቀይ ብርሃን ካለ ቴሌቪዥኑ ልኳል።

ጥያቄያችን ይህ ነው። የሳተላይት ቻናል ለውጥ ስታትሙ በአንድ መስመር እንዲህ ይውጣልን፦ የሳተላይቱ ስምና ዲግሪው ከነምሥራቅ ወይም ምዕራቡ፤ 12,015 ሜጋኸርዝ፤ ሆሪዞንታል፤ 27,500፤ 3/4፤ ዲቪቢ ኤስ ወይም ኤስ2። ለምድር ሥርጭት ደግሞ የማማው ቦታ፣ የቻናሉ ቁጥር ከነሜጋኸርዙ፣ አንቴናው ቆሞ ወይም ተኝቶ መገጠሙ። አራሚዎቻችሁ ከፍሪኩዌንሲው ይልቅ ሲምቦል ሬቱን ደግመው ያንብቡት። ፍሪኩዌንሲው በ1 ወይም በ2 ሜጋኸርዝ ቢሳሳት ብዙ ሪሲቨሮች ፈልገው ይይዙታል፤ 27,500 በስህተት 25,700 ሆኖ ከታተመ ግን ቁጥሩን ከጋዜጣው የሞላ ሰው ሁሉ ኳሊቲው ዜሮ ሆኖ ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴሌቪዥንና የሳተላይት መቀበያ ጥገና ባለሙያዎች